ጀርመናዊ ቅድመ አያት እንዴት ይፈለጋል፣ የቤተሰቡ ስምስ ከየት መጣ

መጀመሪያ መንደሩን ፈልጉ፣ "ጀርመን" ብቻ ይዛችሁ የትም አትደርሱም፣ መዝገቡ አንድ ቦታ አልተሰበሰበም በየአካባቢው ነው ያለው። በሀምቡርግ ወደብ ወጥቶ ከሆነ ከ1850 እስከ 1934 (በፈረንጅ) ያለው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የመጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ በብሬመን ወደብ ከሆነ ግን ዝርዝሩ አብዛኛው ጠፍቷል በቃ ሌላ መንገድ ነው።

ከ1876 ወዲህ ላለው ሽታንደስአምት የሚባለውን የመንግስት መዝገብ ቤት ጠይቁ። ልደት 110፣ ጋብቻ 80፣ ሞት 30 ዓመት ሲሞላው ወደ አርካይቭ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ማየት ይቀላል።

ከዛ በፊት ያለው የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ካቶሊክ ከሆነ ማትሪኩላ (Matricula) የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ፣ ፕሮቴስታንት ከሆነ አርኪዮን (Archion) የሚባል ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ፈልጉ። ራስ ምታቱ እዚህ ነው የሚጀምረው፣ ጽሁፉ ኩረንት የሚባል የድሮ የእጅ ጽሁፍ ነው፣ "e" የምትባለው ፊደል ቁርጥ "n" ነው የምትመስለው፣ ስለዚህ የፊደል ገበታውን ፕሪንት አድርጋችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። አንድ ቤት ዮሃን የሚባሉ ሶስት ሰዎች ካገኛችሁም አትደናገጡ፣ ብዙ ጊዜ ሰዎቹ የሚጠሩት በሁለተኛው ስማቸው ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ ሙለር ባለወፍጮ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ሽሚት አንጥረኛ፣ ስራ ነው እንግዲህ፣ ስለዚህ ስም ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በተለይ ዌስትፋሊያ (ሰሜን ምዕራብ ጀርመን) አካባቢ አግብቶ የሚስቱ እርሻ ላይ የገባ ባል የእርሻውን ስም ይይዝ ስለነበር የአንድ እናት ልጆች የተለያየ ስም ሊኖራቸው ይችላል።