ማድያቱ ለምን ተመልሶ መጣ? ስለ ሆርሞንና ስለ ፊት ጥቁረት፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ጉንጬ ላይ ቡናማ ነገር ወጣ። እድፍ መስሎኝ በሳሙና ፈተግኩት። አልለቀቀም። ጎረቤቴ አየችኝና «ማድያት ነው፣ ስትወልጂ ይጠፋል» አለችኝ። ግማሹ ልክ ነበር። የግራው ጉንጬ ጠራ፤ የቀኙ ግን ልጁ መራመድ ከጀመረ በኋላም እዚያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊት ጥቁረት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «የትኛው ክሬም ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረሽ? የት ቦታ ላይ? ያን ሰሞን ምን ተቀየረ? እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ወይም ክኒን፣ የተዛባ የወር አበባ? ክሬሙ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

«ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ጉንጬ፣ ግንባሬና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ጠቆረ»

ምክንያቱ፦ ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አሉ። በእርግዝና ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ከፍ ሲሉ እነዚህ ሴሎች ሥራ ይበዛባቸዋል። የጡት ጫፍ የሚጠቁረው፣ ከእምብርት ወደ ታች ጥቁር መስመር የሚወርደውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ እነዚያ ልብስ ስር መሆናቸው ነው። ፊት ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ሆርሞኑ እሳቱን ይለኩሳል፣ ፀሐይዋ ትማግዳለች። እናትሽ ወይም እህትሽ ኖሮባቸው ከሆነ አንቺም የመያዝ ዕድልሽ ሰፋ ይላል።

ማድያት ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ተመሳስሎ ይወጣል። አያምም፣ አይላላጥም። የሚያሳክክ ወይም የሚላላጥ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አዲስ አበባ ላለን ደግሞ ከፍታው አለብን። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐይዋስ ጠንካራ ናት። ክረምትም ቢሆን ስስ ደመና ጨረሩን አያስቆመውም።

መፍትሄው፦ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ጠዋት ቤት ውስጥ ተቀብቶ እስከ ማታ መርሳት ምንም እንዳለመቀባት ነው። ለእኛ ቆዳ ከሁሉ የሚሻለው ቡናማ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ነው። ምክንያቱም ጠየም ያለ ቆዳን የሚያጠቁረው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነው፤ ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ያንን በደንብ አያግድም። ደግሞም ፊትን አመድ የነፋበት አያስመስልም። ዋጋው እንደሚያስመርር አውቃለሁ። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ግን ማጥሪያ ክሬሙ ይቅርና ይኼ ይገዛ።

ጃንጥላ የእናቶቻችን ብልሃት ነው፣ ይያዝ። ነጠላ ግን ስስ ስለሆነች ብቻዋን አትበቃም። እንጀራ ስትጋግሪም ፊትሽን ከምጣዱ ራቅ አድርጊ፤ ሙቀትም ማድያትን ያባብሳል።

በእርግዝና ጊዜ ትሬቲኖይን ያለበት ክሬም አይነካም፤ ሃይድሮኪኖንም ይቅር። አዜሌይክ አሲድ ግን ይቻላል፤ ያም ቢሆን ለሚከታተልሽ ሐኪም ነግረሽ። ሎሚ ቀብተሽ ፀሐይ ላይ መውጣትማ ራስን በእጅ ማቃጠል ነው፤ ቆዳው ይቆስልና ሲድን ከበፊቱ ይጠቁራል።

«ከወለድኩ ዓመት አለፈኝ፤ አልጠፋም»

ብዙ ሴቶች ላይ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ካልደበዘዘ የወሊድ መቆጣጠሪያሽን አስቢ። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ያሉበት ክኒን ማድያትን በማምጣት ይታወቃል። መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም አንዳንዶች ላይ ያመጣሉ።

እዚህ ላይ አደራ፦ ፊቴ ጠቆረ ብለሽ ክኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ። ያልታሰበ እርግዝና ማድያቱን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ሄደሽ ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ይስማማሽ እንደሆነ ጠይቂ። ዘዴውን ብትቀይሪም ጥቁረቱ በሳምንት አይለቅም።

«ክሬም ተቀብቼ ጠፍቶ ነበር፤ ሳቆም ብሶ መጣ»

ይኼ ነው ትልቁ ጣጣ። እኔም ገብቼበታለሁ። ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ስም በሌለው ትንሽ ብልቃጥ የተቀመመ ክሬም ገዛሁ። በአሥር ቀን ፊቴ በራ። ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አለኝ። በሁለተኛው ወር ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ፣ አገጬ ላይ ብጉር ፈላ። ሳቆመው ማድያቱ ወንድም እህቱን ይዞ ተመለሰ።

ምክንያቱ፦ እንዲህ በፍጥነት የሚያቀሉ ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ አለ። የመጀመሪያው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ነው። ቆዳን ያሳሳል፣ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ ሲያቆሙትም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ወደ ጽንሱም ያልፋል። ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ይኼኛው በሐኪም እጅ መድኃኒት ነው፤ ለጥቂት ወራት ታዞ፣ ከዚያ ረፍት ይደረጋል። ያለ ልክ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ቆዳው ሰማያዊ መሳይ ጥቁር ይሆናል። ያ ደግሞ ከማድያቱ በላይ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሄው፦ የተቀመመ፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት ቅባት አትግዢ። የተጻፈበትም ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል (እሱም የሜርኩሪ ዓይነት ነው) የሚል ካየሽ መልሺ። ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ተቀብተሽ ከሆነ ብልቃጡን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እንዴት እንደሚቆም እሱ ይነግርሻል። አዲስ አበባ ያለሽ ከሆነ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ለማድያቱ ሐኪሙ ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ቀላል ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ሊያዝልሽ ይችላል። «ስቴሮይድ ነው ብለሽ የለ እንዴ!» እንዳትይ፤ ጉዳዩ መጠኑና ጊዜው ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትም አለ። ደም የማርጋት ጠባይ ስላለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እየወሰድሽ ከጓደኛ ተቀብለሽ የምትውጪው አይደለም።

ለውጡን በመስታወት አትለኪ። በወር አንዴ፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሺ። ሦስት ወር ሳይሞላ አይሠራም አትበይ።

«በየወሩ ብጉር ይወጣል፤ ሲጠፋ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል»

ይኼ ማድያት አይደለም። የወር አበባ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው አገጭና መንጋጋ ላይ ብጉር የሚወጣው ከሆርሞኑ መውጣትና መውረድ ጋር ነው። ጥቁሩ ነጥብ ደግሞ ብጉሩ ቆዳውን ያስቆጣበት አሻራ ነው፤ ባፈረጥሽው ቁጥር ይጠልቃል። ስለዚህ መከላከል ያለብሽ ብጉሩን ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ወይም አዜሌይክ አሲድ ብጉሩ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ወሩን ሙሉ በስሱ ይቀባል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የትራስ ልብስ ያነጣል፣ እንዳትደነግጪ። የወር አበባ ቀንሽን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ ሁለት ወር ሦስት ወር ሲሆን ብጉሩ የሚመጣበትን ቀን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

«አንገቴና ብብቴ ጠቆረ፣ ወፈር አለ፤ ብፈትገው አይለቅም»

እድፍ ስላልሆነ ነው የማይለቀው። እንደ ቬልቬት ጨርቅ ወፈር ያለ ጥቁረት ብዙ ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዳልተቀበለው ያሳያል። የወር አበባሽም ከተዛባ፣ አገጭሽ ላይም ፀጉር ከበዛ ፒሲኦኤስ የሚባለው የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ሆርሞን መዛባት ይጠረጠራል። ለዚህ ሰንስክሪንም ክሬምም ዋና መፍትሄ አይደለም። የደም ስኳር ተመርመሪ፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለ ጥቂት መቀነስ አንገቱንም የወር አበባውንም ሊያሻሽል ይችላል። እናቶች ልጆቻችሁን «አንገትሽን አልታጠብሽም» ብላችሁ አትቆጡ።

«ፊቴ ብቻ አይደለም፤ ድዴና የመዳፌ መስመር ሁሉ ጠቆረ»

ጥቁር ድድ ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ አለን፤ ያ ጤነኛ ነው። አዲስ ከጠቆረ ግን፣ በተለይ ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ማዞርና ጨው ጨው ማሰኘት ከጨመረበት፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ሥራውን እያቆመ ሊሆን ይችላል። አንዱ መንስኤው ቲቢ ነው። እዚህ ላይ የክሬም ወሬ የለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂና ቲቢ ታመሽ የምታውቂ ከሆነ ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው።