ድምፁ የተሰነጠቀው የት ላይ ነው? የቤት ስቱዲዮ የሌቭል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቤት ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማይኩ ነው። ማይኩ ነጻ ሲወጣ ወቀሳው ወደ ክፍሉ ይዞራል። እኔ ግን የሰዎችን ፕሮጀክት ከፍቼ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ጥፋት ሌቭል (የድምፁ መጠን) ላይ ነው። ድምፁ ከማይኩ ተነስቶ ስፒከሩ እስኪደርስ ብዙ በሮች ያልፋል፤ የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላውን ፕሪአምፕ፣ ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ኮንቨርተር፣ ድምፁ የሚቀዳበትን ትራክ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ድምፁን የሚቀርጸውን ፕለጊን፣ ትራኮቹ ሁሉ የሚደመሩበትን ማስተር። አንዱ በር ላይ ከተጎዳ የሚቀጥለው በር አያድነውም። ስለዚህ ችግር ስትሰሙ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ መጀመሪያ የተበላሸው የት ላይ ነው?

ከዚያ በፊት ሁለት ነገር እንያዝ። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ 0 ዲቢ ኤፍኤስ ይባላል። ኮንቨርተሩ ከዚያ በላይ የሚጽፈው ቁጥር ስለሌለው የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። ክሊፕ አደረገ የምንለው ይህንን ነው። ድምፁ በአማካይ ከሚሄድበት ቦታ እስከ ጣሪያው ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ሄድሩም ነው። አማካዩን -18 ላይ፣ ማለትም ከጣሪያው 18 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ አሃድ) በታች አድርጉት። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የአናሎግ መሣሪያ በጣም የሚመቸው የቪዩ ሚተሩ (አማካይ ድምፅ የሚያሳየው ባለመርፌ መለኪያ) 0 አካባቢ ሲጠቁም ነው፤ ያ 0 በብዙ ዲጂታል አሠራር -18፣ በአንዳንዱ -20 ላይ ይውላል።

"ድምፁ ተሰነጠቀ። ፌደሩን ባወርደውም አይለቅም"

አይለቅም፤ ፌደሩ (የትራኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች) የመጣው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው። ትራኩን አጉልታችሁ እዩት። ጤነኛ ሞገድ ጫፉ ክብ ነው። ይህኛው ግን በመቀስ እንደተከረከመ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠፍጣፋው ልክ 0 ላይ ከሆነ የቆረጠው ኮንቨርተሩ ነው። አንዳንዴ ግን ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሚተሩ -6 ብቻ ያሳያል፤ ቀይም አልበራም። ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ድምፁ የተቆረጠው ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው፤ ለምሳሌ ውጭ ባለ ፕሪአምፕ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ዝቅ ተደርጎ ገባ።

እዚህ ላይ ትክክለኛው መፍትሄ እንደገና መቅዳት ነው። የተቆረጠን ጫፍ የሚጠግኑ ፕለጊኖች አሉ፤ ትንሽ ጉዳት ይሸፍናሉ፣ የጠፋውን ግን ገምተው ነው የሚሞሉት። ስለዚህ ጌይኑን (ፕሪአምፑ የሚያጎላበትን መጠን) መጀመሪያውኑ በትክክል እናስተካክል። ዘፋኙን "እስቲ ትንሽ ዝፈን" አትበሉት። ለሙከራ ሲሆን ሁሉም ይቆጠባል፤ ሙዚቃው በጆሮው ገብቶ ስሜቱ ሲመጣ 6 ዴሲቤል እና ከዚያም በላይ ይጨምራል። አንዴ እኔ ራሴ እንዲህ ተታልዬ የዕለቱ ምርጥ አዝማች ከነስንጥቁ ቀርቷል፤ ዘፋኙ ያንን ስሜት ደግሞ አላገኘውም። ከዚያ ወዲህ ሁሌ የዘፈኑን በጣም ከፍተኛ ቦታ፣ በሙሉ አቅም፣ ከነሄድፎኑ አስዘፍናለሁ። ጫፉ ከ-12 እስከ -10፣ አማካዩ ደግሞ -18 አካባቢ ሲሆን ጌይኑን አልነካውም። ከበሮና የመሳሰሉት ጫፋቸው ስለታም፣ አማካያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ እነሱን በጫፋቸው ብቻ ለኩ።

ጌይኑ መጨረሻ ድረስ ወርዶም ቀይ ከበራ ፓዱን (የሚገባውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) አብሩ። ፓድ ከሌለ ማይኩን አርቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል።

"እሺ ዝቅ አድርጌ ቀዳሁ። አሁን ደግሞ ሽሽታ (ሽሽ የሚል የጀርባ ድምፅ) አለው"

ሚተሩን እስከ አፉ መሙላት የድሮ ልማድ ነው። በቴፕ ዘመን ከቴፑ ሽሽታ ለመሸሽ ግድ ነበር፤ በ16 ቢትም ትርጉም ነበረው። አንድ ቢት (ድምፁ የሚጻፍበት ቁጥር አንድ አሃዝ) በጣሪያውና በሽሽታው መሃል 6 ዴሲቤል ገደማ ቦታ ይሰጣል። 16 ቢት 96፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144 ይሆናል። በእርግጥ የተለመደው የቤት ኮንቨርተር 144 አይደርስም። ቢሆንም በ24 ቢት -18 ላይ ስትቀዱ የኮንቨርተሩ ሽሽታ ከክፍላችሁ ድምፅ በታች ይሆናል። መጀመሪያ መቅጃ ፕሮግራሙ 24 ቢት ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሳይታወቅ 16 ላይ የቀረ ብዙ ነው።

24 ከሆነና ሽሽታው ካልጠፋ ከማይኩ በፊት ያለውን ፈልጉ። የኮምፒውተሩ ፋን ነው? ማቀዝቀዣ ነው? ጌይን ብትጨምሩ ድምፃችሁም ፋኑም እኩል ነው የሚያድጉት። በመሃላቸው ያለውን ልዩነት የሚያሰፋው ወደ ማይኩ መጠጋት ነው። ዳይናሚክ ማይክ (ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ደካማ ድምፅ የሚሰጥ ዓይነት) ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዝግ ላለ ንግግር 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን ሊፈልግ ይችላል፤ ርካሽ ፕሪአምፕ ቁልፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ራሱ ሽሽታ ያወጣል። እዚያ ጋ በፋንተም ፓወር (ፕሪአምፑ በማይክ ገመዱ በሚልከው ኤሌክትሪክ) የሚሠራ፣ ከማይኩና ከፕሪአምፑ መሃል የሚገባ ትንሽ ማጉያ በደንብ ይረዳል።

"ኪቦርዱን ስሰካ ወይ ይጮሃል ወይ አይሰማም"

ሁለት ዓይነት የላይን ሌቭል (እንደ ኪቦርድ ያሉ መሣሪያዎች የሚያወጡት የድምፅ መጠን) አለ። የፕሮፌሽናሉ +4 ዲቢዩ (1.23 ቮልት ገደማ)፣ የቤት ዕቃዎቹ -10 ዲቢቪ (0.316 ቮልት)። ልዩነታቸው 12 ዴሲቤል ገደማ ነው። ኢንተርፌሱ (ማይክና ኪቦርድን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ መቀያየሪያ ካለ አዛምዱት። የላይን ድምፅ ወደ ማይክ መግቢያ አይግባ፤ ይሰነጠቃል። ጊታር በቀጥታ ከሆነ "ኢንስትሩመንት" የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ አለዚያ ድምፁ ደካማና የደነዘዘ ይሆናል።

"ሁሉም ትራክ ልክ ነው። ማስተሩ ግን ቀይ ነው"

ድምፆች ይደመራሉ። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሲገናኙ 3 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ 6። እንደዚህ እኩል የሆኑ 16 የተለያዩ ትራኮች ካሉ 12 ዴሲቤል ጨመረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ትራክ ጫፉን -3 ላይ ይዞ ከመጣ ማስተሩ ምን ያድርግ?

የማስተሩን ፌደር ማውረድ ይሠራል? በከፊል። ዛሬ አብዛኛው ፕሮግራም በውስጡ በ32 ቢት ፍሎት (ከ0 በላይም መጻፍ በሚችል የቁጥር አሠራር) ስለሚያሰላ ከ0 ያለፈ ድምፅ እዚያው ውስጥ አይቆረጥም። ነገር ግን ማስተሩ ላይ ኮምፕረሰር ወይም ሊሚተር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫኑ ፕለጊኖች) ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከፌደሩ በፊት ነው። እሱ አሁንም ተጥለቅልቋል። የተሻለው ሁሉንም ትራክ ምረጡና ከመጀመሪያው፣ ከክሊፕ ጌይኑ (የተቀዳው ቁራጭ ራሱ ካለው የድምፅ መጠን) ላይ በእኩል አውርዱ። ድምፁ አነሰ ካላችሁ የስፒከሩን ቁልፍ ጨምሩ። የማስተሩ ጫፍ -6 አካባቢ ሲሆን ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው ማጥራት) በቂ ቦታ አለ።

"ቀይ የትም የለም፤ ፕለጊኑን ሳበራ ግን ድምፁ ይሻክራል"

የአናሎግ መሣሪያን የሚመስሉ ፕለጊኖች ብዙዎቹ የተሠሩት -18 አካባቢ የሚገባ ድምፅ ጠብቀው ነው። -6 አማካይ ይዞ የመጣ ትራክ ለእነሱ 12 ዴሲቤል የበዛ ነው። ሻካራነቱን ፈልጋችሁት ከሆነ ደግ፤ ካልሆነ ከፕለጊኑ በፊት ዝቅ አድርጉ። ሲወጣም ከገባበት ሌቭል ጋር አስተካክሉት። ጆሮ ጮክ ያለውን "የተሻለ" ብሎ ይመርጣል፤ ሳታስተካክሉ ብታወዳድሩ የምትመርጡት ጩኸቱን ነው።

"ማታ ጥሩ ነበር። ጠዋት ሳዳምጠው ባሱ በዝቷል"

እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት ይሄኛው ነው፤ ሚተር ላይ አይታይምና። ጆሯችን ዝግ ባለ ድምፅ ባስን አሳንሶ ይሰማል። ፍሌቸርና መንሰን ይህንን በ1933 በልኬት አሳይተዋል። ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርጋችሁ ስትሠሩ ባሱ ያነሰ ይመስላችኋል፤ ትጨምራላችሁ። ጠዋት ቁልፉን ከፍ ስታደርጉት የጨመራችሁት ሁሉ ይወጣል።

መፍትሄው ለማዳመጫም ቋሚ ሌቭል መወሰን ነው። በ-20 አማካይ የተዘጋጀ ፒንክ ኖይዝ (ለልኬት የሚያገለግል ወጥ የሽሽታ ድምፅ) በአንድ ስፒከር ብቻ አጫውቱ። የድምፅ መለኪያውን "ሲ" እና "ስሎው" ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁ በሚሆንበት ቦታ ያዙት። በትልልቅ ክፍሎች የታወቀው ቁጥር 83 ዴሲቤል ነው፤ ለትንሽ ክፍል ግን ይበዛል። ከ73 እስከ 76 ይበቃል። ሁለተኛውንም ስፒከር ለብቻው ለኩትና እኩል አድርጓቸው። ከዚያ የቁልፉ አፍንጫ በቆመበት ትይዩ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉና በእስክሪብቶ አስምሩበት። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ ሁለቱን ስፒከር እኩል ለማድረግና በየቀኑ ወደዚያው ቦታ ለመመለስ ግን ያገለግላል። ሚክሱን (የትራኮቹን ውህደት) በዚያ ምልክት ላይ ወስኑ። ዝቅ አድርጋችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ፤ ባስ ላይ ግን አትፍረዱ።

"ፕሮግራሙ ውስጥ ንጹህ ነው። ኤምፒ3 ሲሆን ይንጫጫል"

ሊሚተሩን -0.1 ላይ አድርጋችሁት ይሆናል። ተራው ሚተር የሚያየው የተመዘገቡትን ነጥቦች ብቻ ነው። ሞገዱ ተመልሶ ሲገነባ በሁለት ነጥቦች መሃል ከ0 አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ ወደ ኤምፒ3 ሲጨመቅ ደግሞ ይብሳል። ትሩ ፒክ (በነጥቦቹ መሃል ያለውን እውነተኛ ጫፍ) የሚለካ ሚተር ተጠቀሙና ጣሪያውን -1 ላይ አድርጉ። ብዙ የሙዚቃ ማሰራጫዎች የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ስፖቲፋይ ለምሳሌ በመደበኛው አቀማመጥ ወደ -14 ላፍስ (ለጆሮ የሚሰማውን የጩኸት መጠን የሚለካ አሃድ) ያመጣዋል። ከዚያ በላይ ጨፍልቃችሁ የላካችሁትን እሱ መልሶ ያወርደዋል። ጩኸቱ ይወርዳል፤ በሊሚተሩ የተጨፈለቀው ጫፍ ግን አይመለስም።