ሴንትራል ላይን የገባለትን የኬሞ ታካሚ ቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል?

ሴንትራል ላይን በክንድ፣ በአንገት ወይም በደረት በኩል ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ ባለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር የሚያርፍ ቀጭን ቱቦ ነው። ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ትንንሾቹን ሥሮች እንዳያቃጥል ያግዛል፤ ግን ጀርምም አየርም በዚያው መንገድ በቀጥታ ደም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ቱሉ ዲምቱ እየኖረ ጥቁር አንበሳ ለሚታከም ሰው፣ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ቱቦውን የሚጠብቀው አስታማሚው ነው።

አስቀድመው ዲጂታል ቴርሞሜትር ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ንጹሕ ጎዝና ፕላስተር ይግዙ። ግንባር ላይ የሚደገነው ቴርሞሜትር ቢቀር ይሻላል፤ በአፍ የሚለካው ይበልጥ ይታመናል። በፊንጢጣ ግን በፍጹም አይለኩ።

ቱቦውን በየቀኑ በቀን ብርሃን ይዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እጅን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ማውጣት መታጠብ አይደለም፤ ሌላ ሰው በጆግ እያፈሰሰልዎት በሳሙና 20 ሰከንድ ይሹት። መቅላት፣ መግል፣ ሕመም ካለ፣ ወይም ከቆዳ ውጭ ያለው የቱቦ ክፍል ከረዘመ ለነርሷ ይንገሩ። ግልጹ ፕላስተር በ7 ቀን፣ ጎዝ ከሆነ በ2 ቀን ይቀየራል፤ ከራሰ ወይም ከተላጠ ግን ቀኑን አይጠብቁ።

የቱቦውን ውስጥ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ማጠብን ነርስ ካላስተማረችዎት አይሞክሩት። ከተማሩ የቱቦውን አፍ በአልኮል ለ15 ሰከንድ አጥብቀው ይሹና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ሲሪንጁ ከ10 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም፤ ትንሹ ሲሪንጅ የሚፈጥረው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ቱቦውን ሊቀድ ይችላል። ትንሽ ገፋ፣ ቆም፣ ደግሞ ገፋ እያደረጉ ያስገቡ። እምቢ ካለ ክላምፑ (የቱቦው መቆንጠጫ) መከፈቱን፣ ቱቦው አለመታጠፉን ይዩ፤ ታካሚው ክንዱን ያንሳ፣ ይሳል። አሁንም ካልሄደ በጉልበት አይግፉት፤ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ትኩሳት ነው። ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይቀንሳል። መግል የሚሠራው ከእነዚሁ ሕዋሳት ስለሆነ፣ ደሙ ተመርዞም ቱቦው ዙሪያ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ቁስሉ ደኅና ነው» ብለው አይዘናጉ። ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይነሱ። ቱቦው ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ ኃይለኛ ብርድና መንቀጥቀጥ ከመጣም ጀርሙ ቱቦው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ሳይለኩ ፓራሲታሞል አይስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ጀርሙን አይገድለውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆንም ሲነጋ እንሄዳለን አይበሉ፤ አንቲባዮቲኩ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። መኪና ያለው ጎረቤት ወይም ሾፌር አስቀድመው ያነጋግሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ይቅደም። በር ላይ «ኬሞ ላይ ነው፣ ሴንትራል ላይን አለው፣ ትኩሳት አለው» ይበሉ። የመጨረሻው ኬሞ ቀንና ቱቦው የገባበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር ይቀመጥ።

ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት ካበጠ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። በቅቤ ማሸት ወይም ወጌሻ ጋ መውሰድ የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ገላ ሲታጠብ ቱቦው በፕላስቲክ ይሸፈን። ጠበልም ያው ውሃ ነውና፣ መጠመቅ የሚሻ ታካሚ ለአጥማቂው አስቀድሞ ይንገር፤ ውሃው ቱቦው ያለበትን ቦታ አይንካው። ቆዳ ሥር የተቀበረ ፖርት ግን ቁስሉ ከዳነና መርፌ ካልተሰካበት ውሃ ቢነካው ችግር የለውም።

ቱቦው ከተቆረጠ በተቆረጠበትና በሰውነቱ መካከል ያለውን ክፍል ወዲያው አጥፈው ይያዙት። ትንፋሽ ካጠረው በግራ ጎኑ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው ያስተኙትና 907 ይደውሉ፤ እርዳታ እስኪደርስ ያጠፉትን አይልቀቁ።