ዝምታውን ሳይረብሹ ፎቶ ማንሳት

አባቴ ማታ ማታ በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ መጽሐፉን ከድነው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና እጃቸውን ከላዩ ጫን አድርገው ወደ ግቢው በር ያያሉ። ምን እንደሚያስቡ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ያንን ሁኔታቸውን በፎቶ ለማስቀረት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሞክሬያለሁ። ስልኬን አውጥቼ «አባባ፣ እስቲ አንዴ ወደዚህ ይዩ» እላለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ወገባቸውን ቀጥ ያደርጋሉ፣ ፊታቸው ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው ፊት ይሆናል። ካረፉ በኋላ ስቆጥር 43 ፎቶ አገኘሁ። በ42ቱ ላይ ተዘጋጅተዋል። በአንዱ ብቻ፣ ጣቴ ሳላስበው ነክቶት በተነሳው፣ ፊታቸው ግማሹ ተቆርጦ እጃቸው መጽሐፉ ላይ አርፏል። አሳጥበን ሳሎን የሰቀልነው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ በእናቴና በራሴ ላይ ደጋግሜ እየሞከርኩ የደረስኩበትን አሠራር ነው የምጽፈው። ውድ ካሜራ አይጠይቅም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ያስፈቅዱ፤ ግን በዕለቱ አይደለም። እኔ እናቴን «እማዬ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ቡናሽን ስትጠጪ አነሳሻለሁ፣ መቼ እንደሆነ አልነግርሽም» ብያት ነበር። ሳቀችና ረሳችው። እንዲህ ሲሆን ፈቃዱም አለ፣ መዘጋጀቱም የለም። የማያውቁትን ሰው፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠግቶ የሚጸልይን ሰው፣ ጨርሶ አያንሱ። ያ ሰዓት የእሱና የፈጣሪው ነው።

ቀጥሎ ስልኩን ማሰናዳት ነው። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ድምፁን ያጥፉ፣ ፍላሹን ይዝጉ። ናይት ሞድንም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ስልኩ ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን እየሰበሰበ ስለሚቆይ ሰውየው ጣቱን ካንቀሳቀሰ ይደበዝዛል፣ የመሸውንም ክፍል ቀን ያስመስለዋል። ፊትን የሚያለሰልሱ ፊልተሮችን በጭራሽ አልመክርም። ሰው በሐሳብ ሲዋጥ ግንባሩ ላይ የሚወጣውን መስመር ካጠፉት ምን ቀረ?

ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይምጣ፤ መስኮት ወይም የተከፈተ በር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ስለዚህ ቀድመው ይገኙ። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ረፋድ ላይም ይሠራል። ስቶክሆልም ላሉ ዘመዶቼ ነገሩ ሌላ ነው፤ በዲሴምበር ፀሐይዋ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ስትታይም ከአድማሱ ብዙም አትርቅም። እዚያ እኩለ ቀን ላይ መስኮት ዳር መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ላይ ሊያመጣው ይሞክራል። ጨለም ያለ ክፍል ሲያይ ያፈካዋል፣ ነጭ ነገር ሲያይ ያጨልመዋል። እንግዲህ እናቴን ያስቧት፦ ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ ከጀርባዋ ጨለማ ሳሎን፣ ከጎኗ የሚያበራ መስኮት። ስልኩ ነጠላውን ከተከተለ ፊቷ ከሰል ይሆናል። ጨለማውን ከተከተለ ደግሞ ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ለወራት ያነሳኋቸው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ተበላሽተዋል።

መላው ይኸው ነው። በስክሪኑ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ ይንኩና ጣትዎን ሳያነሱ ይቆዩ። አይፎን ላይ ቢጫ ጽሑፍ፣ ሳምሰንግ ላይ የቁልፍ ምልክት ሲመጣ ፎከሱም ብርሃኑም ተቆልፏል፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ በራሱ አይቀያይረውም። ከዚያ ብርሃኑን በትንሹ ይቀንሱ። እስከ ምን ድረስ? የነጠላው ድርና ማግ እስኪታይ። ፊቱ ትንሽ ጨለም ቢል አይስጉ፤ የጨለመውን በኋላ ማፍካት ይቻላል፣ ነጭ ሆኖ የጠፋውን ጥለት ግን ማንም አይመልሰውም። በዚህ ልክ ሲያነሱ ከስኒው የሚወጣው እንፋሎት እንኳ ከጨለማው ጀርባ ተለይቶ ይታያል።

ይህን ሁሉ ሰውየው ሳይቀመጥ ያድርጉት። እኔ ወንበሩ ላይ ትራስ አቁሜ፣ ነጠላ አልብሼ እለካለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ አስደግፌ አቆማለሁ። ገመድ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ካለዎት ይሰኩት፤ አይፎንና ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ ያነሳል። ራሴንም የማነሳው በዚሁ ነው፤ ታይመሩ 10 ሰከንድ ሲቆጥር ሐሳቤን ይወስደዋል።

ከዚያ ይቀመጡ። አብረው ቡናውን ይጠጡ። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ምንም አያንሱ። ዝም ያለ ሰው አጠገብ እርስዎም የምርዎን ዝም ካላሉ ይታወቅብዎታል፤ ዐይንዎ ስልኩ ላይ ከተተከለ ያዩታል። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጊዜ ነው። መስኮት ዳር ተቀምጬ ፎቶውን እያሰብኩ ያነሳሁት ሁሉ የተዋናይ ፊት ነው። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ፣ ቁልፉ እጄ ላይ መኖሩ ትዝ ሲለኝ የተጫንኩት ግን እኔን ይመስላል።

ሦስት ያንሱ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ወዲያውም አያሳዩ። ካሳዩ ጨዋታው ስለ ፎቶ ይሆናል፣ የነበረው ጸጥታም በዚያው ያበቃል።

ለቤተሰብ ሲልኩ በቴሌግራም በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። አንዱን መርጠው ያሳጥቡ፤ 10 በ15 ሴንቲ ሜትሩ ከበቂ በላይ ነው።

ካሳጠቡ በኋላ ለተነሳው ሰው ያሳዩትና «ያኔ ምን እያሰብክ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። አባቴን ያልጠየቅኩት ይህንን ነው። እናቴ ፎቶዋን መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ረጅም ጊዜ አየችውና በልጅነቷ ከእናቷ ጋር እህል ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት የምትሄድበትን መንገድ እያሰበች እንደነበር ነገረችኝ። መንገዱ ላይ ዋርካ ነበር፣ ከሥሩ ያርፉ ነበር። ይህንን በቀኑ በፎቶው ጀርባ ጻፍኩት። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፎቶዎች ሲደራረቡ ወደ ሌላው ፊት ይጋባል።