ኤልኢዲ የፊት መብራት ካስገባችሁ በኋላ ዳሽቦርድ ላይ ማስጠንቀቂያ ቢበራ

የፊት መብራቱን ወደ ኤልኢዲ ቀየራችሁ፤ መንገዱም ፍንትው ብሎ ይታያል። ግን ዳሽቦርዱ ላይ «አምፖል ተቃጥሏል» የሚል ምልክት መጣ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወይ ምልክቱን ችላ ይላል፣ ወይ የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠውን ሪዚስተር (ተጨማሪ ከረንት የሚስብ ትንሽ ዕቃ) ያስገጥማል። ሁለቱንም አልመክርም። መጀመሪያ የበራው ምልክት የቱ እንደሆነ ለዩ፤ መፍትሔው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

መኪናው ለምን ይሳሳታል?

የመኪናው ኮምፒውተር አምፖሉን አያየውም። የሚያውቀው በሽቦው የሚያልፈውን ከረንት ብቻ ነው። ኤች 7 የሚባለው ሃሎጅን (የተለመደው ባለ ክር) አምፖል 55 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 4.6 አምፒር ገደማ ይስባል። 25 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ግን 2 አምፒር አካባቢ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ ከግማሽ ያነሰ ከረንት ሲያገኝ አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። ይህ በቮልስዋገን፣ በቢኤምደብሊው፣ በመርሴዲስና በሌሎች የአውሮፓ መኪኖች ላይ ይበዛል። ቪትዝና የቆዩ ኮሮላዎች በአብዛኛው የፊት አምፖልን እንዲህ አይቆጣጠሩም። የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሮጌዎቹን አምፖሎች መልሱ

ሃሎጅኖቹን አልጣላችኋቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ መብራቱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በሁለቱም በኩል ሃሎጅኖቹን መልሳችሁ ሞክሩ። መስታወቱን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ሲግል አምፖሉን ይጎዳዋል።

ምልክቱ ከጠፋ ችግሩ የኤልኢዲው ከረንት ነው። ካልጠፋ ፊውዙን፣ ሶኬቱንና የኔጋቲቭ ሽቦውን ፈትሹ። የዛገ ወይም የላላ ሶኬት ከአምፖል በላይ ያስቸግራል። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፤ ስንቱን ከንቱ ግዢ ያስቀራል።

የበራው ቼክ ኢንጂን ከሆነ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የፊት አምፖል መቀየር ቼክ ኢንጂን አያበራም። ግን በብዙ መኪና አምፖሉ ጋ ለመድረስ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይነሳል። እሱ ላይ ወይም አጠገቡ ያለው የአየር መጠን ሴንሰር ሶኬት ሳይሰካ ከቀረ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ሞተሩም ያስቸግራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ የነካችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

ባትሪ ተነቅሎ ከነበረ ደግሞ በአንዳንድ መኪና የመሪ ወይም የኢኤስፒ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም) መብራት ይበራል። ብዙውን ጊዜ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ማዞር፣ ከዚያም ትንሽ ቀጥ ብሎ መንዳት ያጠፋዋል። የኤርባግ መብራት ግን አምፖል በመቀየር ብቻ አይበራም። ከበራ መኪናውን ወደ ባለሙያ ውሰዱ።

ችግሩ ከረንት ከሆነ

መጀመሪያ ካንባስ ዲኮደር የሚባለውን፣ የአምፖል ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት የሚሸጠውን ትንሽ ዕቃ ሞክሩ። ሶኬቱና አምፖሉ መሃል ይሰካል፤ ሽቦ መቁረጥ የለም። መኪናው አምፖሉን ለመፈተሽ የሚልካቸውን አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችም ስለሚያለዝብ፣ ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያንንም ያስተካክላል። ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራውን ጠይቁ።

ሁለተኛው አማራጭ ሪዚስተር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 6 ኦም፣ 50 ዋት የሚለው ነው። ከኤልኢዲው ጋር ጎን ለጎን፣ በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መካከል ይታሰራል። ሞተር ሲሠራ ቮልቴጁ ወደ 13.8 ስለሚደርስ ሪዚስተሩ ብቻውን 32 ዋት ያህል ይበላል። ከኤልኢዲው 25 ዋት ጋር ሲደመር 57 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ሃሎጅን ያገኘ ይመስለዋል።

ያ 32 ዋት ሁሉ የሚወጣው በሙቀት ነው። ሪዚስተሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በፕላስቲክ ላይ አትጠፍሩት፣ በናስትሮ አትጠቅልሉት፣ ሽቦ ላይ አታስደግፉት። በብሎን ባዶ ብረት ላይ እሰሩት። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቸኩሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሽቦዎች ጋር አስሮ ቢሰጣችሁ ክፍያውን አቁሙና እንዲያነሳው ጠይቁ። እሳት የሚነሳው እንዲህ ካለ ነገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ለእኔ ከሁሉም ንጹሑ፣ የአምፖል ክትትሉን ከኮምፒውተሩ ማስተካከል ነው። በብዙ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ይቻላል፤ ትክክለኛው ማሽን ያለው ጋራዥ ይሠራዋል። የሚያስከትለውን ግን እወቁ፤ ወደፊት አምፖሉ በእውነት ቢቃጠል መኪናው አይነግራችሁም።

ቶዮታና ኤች 4

አጭሩና ረጅሙ መብራት በአንድ አምፖል ከሆነ ኤች 4 ነው። ሦስት እግር አለው። ቶዮታን ጨምሮ በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ፖዘቲቩ በጋራው እግር ይመጣል፤ ማብሪያው የሚመርጠው ኔጋቲቩን ነው። ሰማያዊው የረጅም መብራት ምልክት የሚበራው በአምፖሉ ክር በኩል በሚያልፈው ከረንት ነው። ኤልኢዲ ውስጥ ያ ክር የለም። ስለዚህ ምልክቱ ጭራሽ አይበራም፣ ወይም በአጭሩ መብራት ጊዜም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ዲኮደሩ እዚህ ብዙም አይረዳም። በኔጋቲቭ ለሚቀያየር መኪና የተሠራ የኤች 4 ማገናኛ ጠይቁ።

እንደ ኤች 7 ባለ ሁለት እግር የሆነ አንዱ አምፖል ጨርሶ ካልበራ ሶኬቱን ገልብጣችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ብዙ ኤልኢዲ እንደ ሃሎጅን አይደለም፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል። መብራቱን ስታበሩ ኤፍኤም ሬዲዮው ከጮኸ ደግሞ ጥፋቱ የኤልኢዲው ነው። ሻል ያለ አምፖል ከመቀየር ውጪ አስተማማኝ መፍትሔ አላውቅለትም።

ምልክቱ ከጠፋ በኋላ

ሥራው ገና ነው፤ የመብራቱን አቅጣጫ ማየት አለባችሁ። ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ። የአጭሩ መብራት የላይኛ ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፤ በመብራቱ ቤት ላይ 1% የሚል ከተጻፈ ትርጉሙ ይኸው ነው። ጠርዙ ከተበተነ አምፖሉ በመቀመጫው በትክክል አልገባም። የኤልኢዲው ሁለት ጎን ወደ ግራና ቀኝ እንዲያይ አዙሩት።

ውጭ አገር ላላችሁ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በሃሎጅን መብራት ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ማስገባት ለመንገድ አይፈቀድም። ጀርመን ከ2020 ወዲህ የተወሰኑ አምፖሎችን ለተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ፈቅዳለች፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ።

አገር ቤትም ቢሆን፣ ካስተካከላችሁ በኋላ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ የሚያስጠነቅቃችሁ ከሆነ፣ ያ የመብራት ቤት ለኤልኢዲ አይሆንም። ሃሎጅኑን መልሱ።