ዋሽ ኮርዲኔተር ሆናችሁ ለተመደባችሁ፦ መጀመሪያ ናፍጣው የማን እንደሆነ ጠይቁ

ሀዋሳ ዋሽ ላይ፣ ማለትም ለስደተኛና ለተፈናቃይ በሚቀርብ ውሃ፣ ሽንት ቤትና ንጽህና ላይ፣ የሚሰራ ሰው ሞልቷል። ቤተሰቡ ታቦር ወይ አቶቴ አካባቢ ይኖራል፣ እሱ ግን ሶስት ወር ጋምቤላ ሶስት ወር ዶሎ አዶ እያለ ዕድሜውን ከሻንጣ ጋር ይጨርሳል፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ አሁን ነው ትንሽ ረጋ ብዬ ቤቴ የገባሁት። ሰሞኑን በፊት አብሮኝ ይሰራ የነበረ ልጅ ደወለና "ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ኮርዲኔተር ነህ ብለውኛል፣ ምንድነው ማረገው?" አለኝ። ሀይቁ ዳር ቁጭ ብለን አመሸን። ለሱ ያልኩትን ነው እዚህ ምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል።

ከሁሉ በፊት ምትረዷቸው ሰዎች ድንበር ተሻግረዋል ወይስ አልተሻገሩም? ቀላል ጥያቄ ይመስላል ግን ወንበሩ የማን እንደሆነ ሚወስነው እሱ ነው። ተሻግረው የመጡ ስደተኞች ከሆኑ በመንግስት በኩል የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው ባለቤቱ፣ ከጎኑ የተመድ የስደተኞች ድርጅት ዩኤንኤችሲአር ይመራል። አገር ውስጥ የተፈናቀሉ ከሆኑ ደግሞ ጨዋታው የክላስተር ነው፣ ባንድ ዘርፍ የሚሰሩ ድርጅቶች ሚሰባሰቡበት ማለት ነው፣ የዋሽ ክላስተርን ዩኒሴፍ ይመራዋል ከመንግስት የውሃ ሴክተር ጋር ሆኖ። ይሄን ሳያጣራ የማይመለከተው ስብሰባ ላይ ሁለት ሳምንት የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ስደተኛም ተፈናቃይም ባንድ ወረዳ የሚገናኙበት ቦታ ሲያጋጥማችሁ ስብሰባው ሁለት ይሁን ግዴለም፣ ሚቀዱት ግን ከአንድ ወንዝ ስለሆነ ማን የት ምን እንደሚሰራ ምትጽፉበትን ሰንጠረዥ አንድ አርጉት። ሌላው፣ ገና እንደደረሳችሁ የወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ሻይ ጠጡ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የትኛው ፓምፕ ተቃጥሎ ቆመ ሚለውን ከማንም ኤንጂኦ በላይ እዛ ያለው ቴክኒሻን ነው ሚያውቀው።

ቀጥሎ የህዝብ ቁጥር። ቁጥር ላይ ሳትስማሙ ስራ አትከፋፈሉ። ምዝገባው አንድ ቁጥር ይላል፣ ቀበሌው ሌላ ይላል፣ ፓርትነሩ (አብሯችሁ ሚሰራው ድርጅት) ደግሞ ፕሮፖዛሉ ላይ የጻፈውን ሶስተኛ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ሶስቱም ትክክል ናቸው ብሎ ሚከራከርላቸው አለ። አንዱን ምረጡ፣ ቀን ጻፉበት፣ በየሁለት ሳምንቱ አድሱት፣ በቃ። ቀኑን ስትጽፉ ደግሞ በኛ ነው በፈረንጅ ሚለውን ለዩ፣ ኤክሴል ላይ ተደባልቆ "ታህሳስ" እና "ዲሴምበር" አንድ የሆነበት ሰንጠረዥ አስተካክሉ ተብዬ ሌሊት ሙሉ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ስብሰባም እንደዛው ነው፣ "3 ሰዓት" ብላችሁ ብቻ ኢሜይል ከላካችሁ ግማሹ ጠዋት ይመጣል ግማሹ ከሰዓት። "ጠዋት 3 ሰዓት" በሉ።

ቁጥሩ ከተያዘ ሂሳቡ ከባድ አይደለም። እንበል 20,000 ሰው ነው። ስፊር ሚባለው የዓለም አቀፍ ሰብዓዊ ዕርዳታ ስታንዳርድ ዝቅተኛው በሰው በቀን 15 ሊትር ነው፣ ስለዚ በቀን 300,000 ሊትር ያስፈልጋል። 15 ሊትር ብዙ እንዳይመስላችሁ፣ ቧንቧ ሲጠፋ ከጋሪ ጀሪካን የገዛ የሀዋሳ ሰው ያውቀዋል፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ሊትር ማለት አራት ባለ 20 ጀሪካን እንኳን አይሞላም፣ መጠጡም ወጡም ገላውም ልብሱም ከሱ ነው። በቦቴ ይምጣ ካላችሁ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ 30 ጊዜ መመላለስ አለበት፣ መንገዱ ርቆ አንድ ቦቴ በቀን ሶስቴ ብቻ ከደረሰ አስር ቦቴ ሆነ፣ ጎማ ሚፈነዳበትና ጭቃ ሚይዘው ስለማይጠፋ አስራ ሁለት ያዙ። ቦቴ ገንዘብ ይበላል፣ ለዛ ነው ቦቴ ስታስገቡ በዛው ቀን ማቆሚያው መች ነው ብላችሁ ሚተካውን ጉድጓድ ወይ መስመር መጠየቅ ያለባችሁ።

አሁን ዋናው ነገሬ ጋ ደረስኩ። ሁሉም ኮርዲኔተር "ማን፣ የት፣ ምን፣ መቼ" ሚለውን ሰንጠረዥ ይሞላል፣ ፎር ደብሊው ምንለውን። ጥሩ ነው። ግን እኔ ካየሁት ክፍተት ሁሉ አብዛኛው ሰንጠረዡ ላይ ተሰርቷል ተብሎ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ላይ ነው ሚገኘው። አንድ ሳይት ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ጉድጓዱን አንዱ ቆፈረ፣ ጄኔሬተሩን ሌላው ተከለ፣ ናፍጣውን ሶስተኛው ይሞላ ነበር፣ የሶስተኛው ፕሮጀክት በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ተዘጋ፣ ሰራተኞቹም ኮንትራታቸው አልቆ ሄዱ፣ ማንም ለማንም አልነገረም። አራት ቀን ውሃ አልነበረም። የዛን ሳምንት ስብሰባ ላይ ጉድጓድ፦ ተሰርቷል፣ ጄኔሬተር፦ ተተክሏል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፣ ማንም አልዋሸም እኮ። ነገሩን ያወቅነው ጀሪካን ይዘው ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ላይ ስናገኝ ነው። ኮርዲኔተሩ ማን ነበር? እኔ።

ከዛ ወዲህ ሰንጠረዤ ላይ ሶስት ዓምድ እጨምራለሁ። አንደኛው "በቀን ስንት ሰዓት ይሰራል"፣ ሁለተኛው "ናፍጣ፣ ኬሚካልና የኦፕሬተር ደሞዝ ከማን"፣ ሶስተኛው "ይሄ ብር መች ያልቃል"። ሶስተኛው ላይ ሰው ይኮሳተራል፣ ዶነር እያወራን ነው ምናምን ይላችኋል፣ እናንተ ግን ቀኑን ጻፉ፣ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቀይ ቀቡት፣ አጀንዳውም ከቀዮቹ ይጀምር። የመንግስት በጀት በሐምሌ ይጀምራል የብዙ ዶነር ደግሞ በፈረንጅ ጃንዋሪ፣ ስለዚ ታህሳስና ሰኔ ላይ ነው ሁሉም ሚንገዳገደው፣ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

የሰዓቱን ዓምድ ለምን እንደጨመርኩ ላሳያችሁ። ስፊር ላይ አንድ የቧንቧ አፍ ለ250 ሰው ይላል፣ ለ20,000 ሰው 80 አፍ ሆነ፣ ፓርትነሩ 80 ተከልኩ ይላል ሁላችንም እናጨበጭባለን። ግን ስሌቱ አንዱ አፍ በደቂቃ 7.5 ሊትር ከሰጠ ብሎ ነው። በሰዓት 450 ሊትር፣ ስምንት ሰዓት ከሰራ 3,600 ሊትር፣ ለ250 ሲካፈል ያው ወደ 15 ሊትር ይጠጋል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ እየቆጠበ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ከሰራ ግን 900 ሊትር ነው፣ ለሰው 3.6 ሊትር። ቦኖው አለ፣ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ውሃ የለም። ለዛ ነው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ስብሰባውን ትታችሁ ቦኖው ጋ በማለዳ ሄዳችሁ ወረፋው ከ30 ደቂቃ ይበልጣል ወይ ብላችሁ ሰዓት ያዙ ምላችሁ። ባዶ ጀሪካን በድንጋይ ተይዞ ተሰልፎ ካገኛችሁ ሰዎቹ ማታ ነው ወረፋ የያዙት።

የውሃ ጥራት ላይ ደግሞ ሁሉም ያውቃል ግን ሁሉም በየራሱ ይሰራል። ቦኖው ላይ ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ከታከመ በኋላ ውስጡ ሚቀረው) ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ይሁን እንላለን፣ ኮሌራ ካለ ከፍ ይላል። ቤት ሲደርስ ነው ዋናው ጉዳይ፣ በዛ ሙቀት በቆሸሸ ጀሪካን ውስጥ ክሎሪኑ ቶሎ ነው ሚጠፋው፣ ስለዚ ቤት ለቤት ሄዶ ከጀሪካኑ የሚለካ ሰው መድቡ። በየትኛው ፓርትነር ብር? ይሄንንም ጻፉት። አንዴ ደሞ አንዱ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ያድላል፣ ሌላው ለ20 ሊትር የሚሆን 67 ሚሊግራም የክሎሪን ኪኒን ያድላል፣ ሰዉ አንዱን ኪኒን ለአንዱ ጀሪካን ያረገዋል፣ ውሃው በረኪና በረኪና ሸተተ፣ ሰው ምሬቱን ጠልቶ ተመልሶ ወንዝ ወረደ። ሁለቱም ድርጅት የየራሱን ስራ በትክክል ሰርቷል። ስለዚ ምርቱ አንድ ይሁን፣ መልዕክቱ አንድ ይሁን፣ ስዕሉ በሰዎቹ ቋንቋ ይሁን፣ ቦኖው ላይ በደንብ የታከመ ውሃ ላለበት ሳይት ኪኒን ጨርሶ አታድሉ። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን መድፋት ደግሞ ብር መድፋት ነው፣ መጀመሪያ ይጥራ፣ ከዛ ክሎሪን፣ ከዛ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ወደኛ ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትመጡ ሌላ ነገር አለ፣ ፍሎራይድ። አዳማም ሀዋሳም ዙሪያ ጥርሱ የበለዘ ሰው አይታችሁ ይሆናል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ ቦቴ ከአንድ ጉድጓድ እንዲሞላ ከመወሰናችሁ በፊት የምርመራ ወረቀቱን ጠይቁ፣ ፍሎራይድን ክሎሪን አያጠፋውም።

ሽንት ቤት ላይ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ ዶነር ፎቶ ሚነሳው ቦኖ ጋ ነው። ግን በ1994 እ.ኤ.አ ኮንጎ ውስጥ ጎማ ከተማ ላይ የሩዋንዳ ስደተኞች በአስር ሺዎች ያለቁት በኮሌራና በተቅማጥ ነው፣ ስፊር የሚባለውም ከዛ በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ ለ50 ሰው አንድ፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ፣ ለ20,000 ሰው 400 ከዛም 1,000 ማለት ነው። የሴቶቹ ከወንዶቹ ሶስት እጥፍ ይሁን፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ ከቤት ከ50 ሜትር አይራቅ፣ ከውሃ ምንጭ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የት ይቆፈር ሚለውን ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ፣ ከባሎቻቸው ጋር ስትጠይቋቸው "ሁሉም ጥሩ ነው" ነው መልሱ። አፈሩን ደግሞ ካምፑን ከሚነድፉት የሳይት ፕላኒንግ ሰዎች ጋር ቀድማችሁ እዩ፣ ጋምቤላ ጥቁሩ መረሬ አፈር ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዱን ይዞት ይገባል፣ በ2014 እ.ኤ.አ ክረምት ሌይችዎር ካምፕ ጎርፍ ሲገባበት ሽንት ቤት ብቻ አይደለም ካምፑ ራሱ ነው ቦታ የቀየረው። ሲሞላ ማን ይመጠዋል፣ መኪናውስ የት ይደፋዋል ሚለው ጥያቄ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መልስ ይኑረው።

ሳሙና አጭር ነው፦ በሰው በወር 250 ግራም ለገላ፣ 200 ግራም ለልብስ። የ20,000 ሰው የገላው ብቻ አምስት ቶን ነው፣ መጋዘን ማን ጋ አለ?

በ2010 ዓ.ም ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሲፈናቀል ማስተባበሪያው ዲላና ቡሌ ሆራ ላይ ነበር፣ እኛ ከሀዋሳ በጠዋት እየወጣን ዲላ ስንደርስ ትምህርት ቤቱም አዳራሹም ሰው ነው። ያኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የአካባቢውን ሰው አለመርሳት ነው። ተፈናቃዩ ውሃ በቦቴ ሲመጣለት ጎኑ ያለችው እናት ደግሞ ምንጭ ወርዳ ስትቀዳ አይታ ዝም አትልም፣ ልክ ናት። ሰንጠረዡ ላይ የአካባቢውንም ህዝብ ቁጥር አስገቡ። ጋምቤላ ያለው የኢታንግ የውሃ መስመር የስደተኛ ካምፖቹንም የኢታንግ ከተማንም በአንድ ላይ ነው ሚያጠጣው፣ ከሁለት የተለያየ መስመር ይሄ ይረክሳል፣ ጠብም ይቀንሳል፣ ለረጅም ጊዜ ሚቆይ ካምፕ ከሆነ ከመጀመሪያው እንደዛ አስቡ።

ስብሰባ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። ቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ፣ ማን ምን በየትኛው ቀን ሚለው ብቻ፣ ማታውኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፍ። አንድ ፓርትነር እኔ እሰራዋለሁ ብሎ ሁለት ሳምንት ካልጀመረ በስብሰባ ፊት አታሳፍሩት፣ ለብቻው ደውሉና ቦታውን ለሌላ ልስጠው ወይ በሉት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ እፎይ ይላል፣ ብሩ አልተለቀቀለትም ማለት ነው።

ልጁ መጨረሻ ላይ "ሰኞ ምን ይዤ ልሂድ?" አለኝ። ላፕቶፕህን ለማክሰኞ ተወው፣ ሰኞ የክሎሪን መለኪያ ያዝ፣ የመለኪያው ኪኒን ቀኑ እንዳላለፈበት እይ፣ ቦኖው ጋ ሄደህ ኦፕሬተሩን ደሞዝ መች ነው የተከፈለህ ብለህ ጠይቀው አልኩት። ሰኞ ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ሶስት ወሩ ነው።"