የብሮራን ውስኪ ከጠርሙሱ ጽሑፍ እንዴት መለየት ይቻላል?

በሰሜን ስኮትላንድ ጠረፍ የተሠራውን የብሮራ ውስኪ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የነጠረበትን ዓመት ይመልከት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1819 ክላይንሊሽ ተብሎ የተቋቋመው ፋብሪካ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ አዲስ ፋብሪካ ሲሠራ ስሙን ለአዲሱ አስረክቦ፣ ብሮራ በሚል መጠሪያ እስከ 1983 ቆየና ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው በግንቦት 2021 ነው። ስለዚህ ለምሳሌ «በ1995 የነጠረ» የሚል የብሮራ ጠርሙስ የቀረበለት ሰው ገንዘቡን አያውጣ።

የታሸገበት ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ቢዘጋም በርሜሎቹ በመጋዘን ስለቆዩ፣ በ1972 ነጥሮ በ2002 የታሸገ ውስኪ የ30 ዓመት ውስኪ ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረው በበርሜል ውስጥ እንጂ በጠርሙስ ውስጥ አይደለምና።

አዲሱን ምርት በተመለከተ፣ የስኮትላንድ ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት በባሉጥ እንጨት በርሜል መቆየት በሕግ ስለሚገደድ፣ ከ2021 ወዲህ የነጠረው ከግንቦት 2024 በፊት ውስኪ ሊባል አይችልም። ፋብሪካው ዳግም ለመከፈት ሲታደስ ሁለቱ የቀድሞ የመዳብ ማንጠሪያዎች አሎዋ ወደተባለች የስኮትላንድ ከተማ ተወስደው በእጅ ታድሰው መመለሳቸው፣ ለእኔ ከዕድሳቱ ሁሉ የላቀው ሥራ ነው። ሲቀምሱ ምላስ ላይ ሰም የመሰለውን ልስላሴ ይፈልጉ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በነጠረው ላይ ደግሞ የጭስ ጣዕሙ ይበረታል።